«ባለቤቴ አሟታል»

በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ተማሪዎቹ «በዚያ ዘመን» ይሉታል፤ የታሪክ ትምህርቱን ሁሉ የሚከፍተው «በዚያ ዘመን…» እያለ ነውና። መምህራኑም ከተማሪዎቹ ተቀብለው «ጋሽ በዚያ ዘመን» ይሉት ጀመር፤ እሱም አልከፋውም። ቀጠን ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ጠመኔ የነካ እጁን በመሐረብ እንጂ በሱሪው የማይጠርግ ሰው ነው።

ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ምኞት ነበረው። አባቱ ማተሚያ ቤት ጠራዥ ስለነበሩ፣ ሲጠረዙ የተበላሹ መጻሕፍትን ወደ ቤት ያመጡ ነበር። ከነዚያ አንዱ የጥንት ክርስቲያኖችን ታሪክ የሚተርክ፣ መጨረሻው የጎደለ መጽሐፍ ነው። ጳጳሳቱ ከየአገሩ ተጠርተው፣ ጉባኤ ተቀምጠው፣ ክርክሩ ጦፎ፣ ንጉሡ ሊናገር ብድግ ሲል ገጹ ያልቃል። ልጁ ንጉሡ ምን እንዳለ ሳያውቅ አደገ። ኋላ አነበበና አወቀ፤ ረሃቡ ግን አልለቀቀውም። «የክርስትናን ታሪክ በሁለተኛ ዲግሪ እማራለሁ» እያለ ኖረ። መጀመሪያ አባቱ ታመሙ። ከዚያ አገባ። ከዚያ ልጅ መጣች። ከዚያ የቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ዛሬ ነገ ሲል ጸጉሩ ሸበተ።

ሚስቱ ፋርማሲስት ናት። ደልደል ያለች፣ ሳቋ ከበር የሚሰማ፣ ነገር የማታካብድ ሴት። እሱ እራት ላይ ስለ ጥንት ነገር ሲጀምር «ያለፈው አለፈ፣ ጨው አቀብለኝ» ትለዋለች። እሱም ጨውን እያቀበለ ይቀጥላል። እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ታዳምጠዋለች።

በከተማቸው ያለው ዩኒቨርሲቲ የክርስትናን ታሪክ በማታው ክፍለ ጊዜ በማስተርስ ደረጃ ማስተማር ሊጀምር መሆኑን የሰማ ዕለት፣ እየሮጠ ነው ቤት የገባው ማለት ይቻላል። ሚስቱ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ታዲያ ማታ ማታ ልትጠፋብኝ ነው?» አለችው።

«ሁልጊዜ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ።»

«እኔስ? ልጅህ እንደሆነች ክፍሏን ዘግታ ነው የምታመሸው። ከግድግዳ ጋር ላወራ ነው?» ቢላዋውን አስቀመጠችና ዐይኗን በክንዷ ጠረገች። «የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሁሉ መፈተን ይችላል አላልክም? እኔም እፈተናለሁ። አብረን እንሄዳለን፣ አብረን እንመለሳለን።»

ሳቀ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ።»

«ዶሮዋ አልተፈተነችማ» አለችው።

ተፈተኑ። ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አብረው ሄደው አዩ። የሷ ስም ከላይ ሁለተኛ ነው። የሱ ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ መካከል ላይ ይገኛል።

«በፊደል ተራ ነው መሰለኝ ያስቀመጡት» አለ።

ሚስቱ ስሞቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከዚያ እሱን አየችው። «ይመስለኛል» አለች። በፊደል ተራ እንዳልሆነ ሁለቱም አውቀዋል። ያን ቀን ማታ ስለ ማናቸውም ነገር ሲያወሩ ድምፁ ትንሽ ከወትሮው ከፍ ይል ነበር።

ክፍሉ ከቤተ መጻሕፍቱ በላይ ነው። ወንበሮቹ የመጻፊያ ክንድ ያላቸው፣ ለቀጫጭን ወጣቶች የተሠሩ ናቸው፤ ሚስቱ እየሳቀች በጎን ትገባባቸዋለች። ተማሪዎቹ ጥቂት ናቸው። ከነሱም መካከል ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ «ዳኛው» ነው የሚላቸው። የሚያስተምሯቸው አንዲት አሮጊት ፕሮፌሰር ናቸው፤ ዱላ ይይዛሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ የሰው አባባል ግን አይዘነጉም።

እሱ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በደስታ ነው ያሳለፈው። ፕሮፌሰሯ ጥያቄ ባነሱ ቁጥር እጁ ቀድሞ ይወጣል። «በዚያ ዘመን…» ብሎ ይጀምራል፤ ፕሮፌሰሯም እስኪጨርስ ይጠብቁና «ጥሩ። ይህን ከየት አገኙት፣ መምህር?» ይሉታል። ያን ጊዜ ይደናቀፋል። ከየት አገኘው? ከመማሪያ መጽሐፍ ነው። መማሪያ መጽሐፉስ ከየት? እሱን ጠይቆ አያውቅም። ስንት ዓመት ሙሉ ያስተማረው ሁሉ ከሰው የሰማው ወሬ ሆኖ ታየው።

ሚስቱ ግን የምታውቀው ነገር ስላልነበራት የምትጠይቀው አላጣችም። ደግሞም ሌላ ጉድ መጣ። የጥንት የእጅ ጽሑፎችን ፎቶ በትልቅ ስክሪን ላይ እያሳዩ ማንበብ ሲለማመዱ፣ ፊደል ከፊደል ተጣብቆ፣ ቀለሙ ደብዝዞ፣ ገልባጩ ቸኩሎ ቃሉን ቆርጦ ሲተወው፣ ሁሉም ዐይኑን ጨፈን ገለጥ ሲያደርግ እሷ ታነበዋለች።

«እንዴት ነው ያየሽው?» አሏት ዳኛው።

«እኔ የዶክተሮችን ጽሕፈት ሳነብ ነው የኖርኩት» አለች። «ይሄ መነኩሴ ከነሱ ይሻላል።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሱም ሳቀ። ሲስቅ ግን ጥርሱን እንደነከሰ ያወቀው መንጋጋው ሲያመው ነው።

ነገሩ የባሰው በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ነው። እሱ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የአንድ የጥንት የበረሃ ገዳም ሥርዓት አግኝቶ ነበር፤ መነኮሳቱ መቼ እንደሚነሡ፣ ምን እንደሚበሉ፣ እንዴት እንደሚተኙ የሚደነግግ አጭር ጽሑፍ። በጣም ወደደው። እራት ላይ ለሚስቱ ተረከላት፤ «የኔ የሚል ቃል የለም፣ ቁጣ የለም፣ ስስት የለም» እያለ። የመመረቂያ ጽሑፉንም በመነኮሳቱ የአኗኗር ቅድስና ላይ ሊሠራ ቆረጠ። ክፍል ውስጥ ሐሳቡን አቀረበ፤ በደንብ ተዘጋጅቶበት ነበር፣ በደንብም ተናገረ።

ሲጨርስ ከጎኑ ሚስቱ «እኔ አንድ ነገር አልገባኝም» አለች። «‹ማንም ወንድም ምግብ መኝታው ሥር አይደብቅ› ይላል። እሺ። ትንሽ ቆይቶ ይደግመዋል። መጨረሻው ላይ ደግሞ እንደገና ያመጣዋል። ለምን?»

«ለማጥበቅ ነዋ» አለ ፈገግ ብሎ። «በዚያ ዘመን የገዳም ሥርዓት ጥብቅ ነበር።»

«እንጃ። እኛ ፋርማሲ ‹ያለ ሐኪም ማዘዣ አንሸጥም› የሚል ማስታወቂያ ሦስት ቦታ ለጥፈናል። ለምን ለጠፍን? ሰው ሁሉ ያለ ማዘዣ ስጪኝ እያለ ስላስቸገረን ነው። ማንም የማያደርገውን ነገር ማን ሦስት ጊዜ ይከለክላል? እነዚህ ሰዎች ምግብ ይደብቁ ነበር። ስስት ይዟቸው ሳይሆን ርቧቸው ይመስለኛል። ይሄ ነገር የተጻፈው በረሃብ ጊዜ ቢሆንስ?»

ዳኛው ሳቁ። ፕሮፌሰሯ ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ይህን ጻፊው» አሉ።

ጻፊው። «ይጻፉት» አይደለም። እሱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ሲሉት ኖረዋል፣ አሁንም «እርስዎ» ይሉታል። እሷን «አንቺ» አሏት። ከዚያን ቀን በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳቱም፤ ለሱ «መምህር፣ እርስዎ»፣ ለሷ «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ነይ»። የሚሰጡት አክብሮት ፊቱ ላይ እንደተዘጋ በር ሆነበት።

መንገድ ላይ ሚስቱ «ተቀየምከኝ እንዴ?» አለችው። «ያንተ ጽሑፍ ነው፤ ከፈለግህ እተወዋለሁ።»

«ምን ሲደረግ! እንኳን ደስ ያለሽ» አለ። ከዚያ በኋላ ግን ሰላም አጣ። ጠረጴዛቸው ላይ የሷ ወረቀት ወደሱ በኩል አንድ ጣት ካለፈ ይገፋዋል። ስታነብ ብዕሯን የምትነክስበት ድምፅ ያናድደዋል። በልቧ ያልያዘችው ነገር ግን በልቡ ይከማች ጀመር፤ «ያገኘሁት እኔ፣ የተረክሁላት እኔ፣ ከኩሽና ያወጣኋት እኔ» እያለ ሌላ የማይሰማው ክስ ይመሠርታል፤ ከሳሹም ዳኛውም ራሱ ነው፣ ሁልጊዜም ይረታል።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ሻይ ይዘው ሲቆሙ ጡረተኛው ዳኛ ጠጋ አሉት። «ሰው ‹ምቀኛ አታሳጣኝ› ብሎ ይጸልያል» አሉት በሹክሹክታ። «ባለቤትዎ ግን መጸለይ አያስፈልጋቸውም። እዚህ ክፍል ውስጥ ያልቀናባቸው ሰው የለም፤ እኔ ራሴ አንዱ ነኝ። ይጠብቋቸው።» ሳቁ። እሱ ሻዩን ሳይበርድ ዋጠው። ምቀኛዋ ከውጭ እንደማይመጣ፣ ከሷ ጋር ትራስ እንደሚጋራ እሳቸው በምን ይወቁ።

ከዚያ ያ ነገር ሆነ። ፕሮፌሰሯ ደረጃው ላይ አግኝተውት ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። «መምህር፣ ሐሙስ ጠዋት ከውጭ አንድ ሊቅ እንግዳ ይመጡልኛል፤ የገዳማት ታሪክ አዋቂ ናቸው። የባለቤትዎን ሐሳብ አጫውቻቸው ሊያገኟት ይፈልጋሉ። ክረምቱን የጥንት መጻሕፍት በሚጠበቁበት ቤት ሄዶ የሚያነብ አንድ ሰው ይወስዳሉ። ስልኳ አልነሣ አለኝ። ይንገሩልኝ፣ ቢሮዬ ትምጣ።»

«እነግራታለሁ» አለ።

አልነገራትም። መጀመሪያ «እራት ላይ እነግራታለሁ» አለ፣ ከዚያ «ነገ ጠዋት»፣ ከዚያ ሐሙስ ሆነ። ጥሩ ኮቱን ሲለብስ ሚስቱ አየችው።

«ዛሬ ምን አለ?»

«የወላጆች ስብሰባ።»

«አጎንብስ እስቲ» አለችና ኮሌታውን አስተካከለችለት፤ ትከሻው ላይ ያለውን ክር አነሣች። ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ፋርማሲዋ ሄደች።

የፕሮፌሰሯ ቢሮ ጠባብ ነው፤ ከመጻሕፍቱ የተረፈው ቦታ ለሦስት ወንበር አይበቃም። እንግዳው ጸጉራቸው የነጣ፣ ትሑት ሰው ነበሩ። ፕሮፌሰሯ ከኋላው ወደ በሩ ተመለከቱ። «የት አለች?»

«ባለቤቴ አሟታል» አለ። «ትንሽ ራስ ምታት። ‹አንተ ሂድልኝ› ብላኝ ነው።»

ተቀመጠ። ስለ ራሱ ጽሑፍ ጀመረ፤ ስለ ቅድስናው፣ ስለ ትሕትናው። እንግዳው በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዐይናቸው ግን ወደ መስኮቱ ሄደ። አየው። ያን ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ሳያስብ «ደግሞም» አለ፣ «ሥርዓቱ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ይከለክላል…» ብሎ ቀጠለ። እንግዳው ዞሩ። ብዕራቸውን አነሡ። ስለ ረሃቡ ሲነግራቸው ወደፊት ጠጋ አሉ። እሱ በሕይወቱ እንደዚያ ያዳመጠው ሰው አልነበረም። ለጥቂት ደቂቃ ያ ሐሳብ የሱ ሆነ፤ ጣፈጠው።

«ግሩም ነው» አሉ እንግዳው። «ግን እንዴት ደረሱበት?»

አፉን ከፈተ። እንዴት ደረሰበት? ያለ ማስታወቂያው፣ ያለ ማዘዣው፣ ያለ ሰዎቹ ጭቅጭቅ ሐሳቡ መነሻ የለውም። «አንድ… ፋርማሲ ውስጥ…» አለና ቆመ።

«የባለቤታቸው ሐሳብ ነው» አሉ ፕሮፌሰሯ ዝቅ ባለ ድምፃቸው።

«አዎ» አለ። «የሷ ነው።» ጆሮው ጋለ። ከዚያ በኋላ የተባለውን ብዙም አልሰማም።

ፕሮፌሰሯ ደግ ሴት ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ የታመመችውን ሊጠይቁ ደወሉ። ስልኩን ያነሣችው ራሷ የታመመችው ናት፤ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ለአንድ ሽማግሌ የሽሮፕ አወሳሰድ እያስረዳች።

እሱ ከሥራ ሲመለስ ኩሽና ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀችው። ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም።

«ዛሬ ታምሜ ነበር አሉ» አለችው። «ምን አሞኝ ነው?»

ኮቱን እንደለበሰ ቆመ። «ራስ ምታት ብያለሁ።»

«ራስ ምታት። ምን ሰጠኸኝ?»

የኮቱን ቁልፍ መፍታት ጀመረ።

«እኔ እኮ በየቀኑ መድኃኒት የምሰጥ ሰው ነኝ» አለች፤ ድምፅዋ አልጨመረም። «ላላመመው አልሰጥም። አንተን ምን እንዳመመህ ካወቅሁ ግን ቆይቻለሁ። ወረቀቴን ስትገፋው አያለሁ። ያልፍለታል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ግን ሐኪም እንኳ ሳይነግረኝ አንተ አልጋ ላይ አስተኛኸኝ።» ተነሣች። «እራት የለም። መብላት ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ሠርታችሁ ብሉ።»

በማግሥቱ ፕሮፌሰሯ እንግዳቸው ከመሄዳቸው በፊት አገናኟት፤ የክረምቱ ቦታ የሷ ሆነ። ለሱ ያንን የነገረችው ልጃቸው ናት።

ቀጥሎ የመጣው ቅጣት ያላሰበው ነበር። ሚስቱ አልጮኸችም፣ አልጋም አልለየችም፤ ግን ስለ ትምህርቱ አንድ ቃል እንኳ አታወራውም። ክፍል ውስጥ ከዳኛው ጎን ተቀመጠች። አዲስ ሐሳብ ሲመጣላት ወደ ሽማግሌው ጆሮ ዘንበል ትላለች፤ እሳቸው ይስቃሉ፣ ይደነቃሉ፣ ይጽፋሉ። እሱ ከወዲያኛው ወንበር ያያል። እስከዚያ ቀን ድረስ በችሎታዋ ነበር የቀናው፤ አሁን በሰባ ዓመት ሽማግሌ ጆሮ ቀና። እራት ላይ «ያለፈው አለፈ» እንኳ አትለውም። ጨውን ራሷ ትደርስበታለች።

ቢቸግረው ወደ ታላቅ እህቱ ሄደ። እህቱ የልብስ ስፌት ቤት አላት፤ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ነው የምትናገረው። ሁሉንም ነገራት። ጸጉሩ ሸብቶም ዛሬም «ማሙሽ» ነው የምትለው።

«ማሙሽ፣ ድሮም እንዲህ ነህ» አለችው። «አባባ እኔን ካመሰገኑ ሆዴን ብለህ ትተኛ ነበር።»

«ምን ላድርግ፣ እትዬ? ስታነብ ሳያት ንድድ ይለኛል። ስትተወኝ ደግሞ ባሰብኝ።»

«ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ያንተው ነገር ይሄው ነው።» መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «እኔ ምን ልበልህ። ይቅርታ ጠይቀሃታል?»

«አዎ… ማለት፣ እንዲህ በደፈናው።»

«በደፈናው ይቅርታ የለም። ሂድ ውጣልኝ፣ ይሄን ቀሚስ ለነገ ነው የምፈልገው።»

ያን ቀን ማታ ልጃቸው ፊት፣ ልጅቷ እንድትሰማ አስቦበት፣ ነገሩን ሳያሳጥርና ሳያሳምር ከደረጃው ጀምሮ ተናገረው። ኮሌታውን እንዳስተካከለችለትም አልዘለለም። ሚስቱ አዳመጠችው። «ሰምቻለሁ» አለች። «ጊዜ ስጠኝ።» ልጅቷ ሳህኖቹን ሰብስባ ሳትጠየቅ አጠበች።

ክረምት ሲገባ ሄደች። የምትደውለው ለልጅቷ ነው። እሱ በሩ አጠገብ ቆሞ ሳቋን ከስልኩ ሲንጠባጠብ ይሰማል፤ «አባባ ደህና ነው» ስትል ልጁ፣ ደህና ለመምሰል ይሞክራል። ጠረጴዛው አሁን ሙሉ በሙሉ የሱ ነው፤ አንድ መስመር ግን መጻፍ አቃተው። መነኮሳቱ ለሱም ቅዱሳን መሆናቸውን ተዉ። በእያንዳንዱ አንቀጽ ሥር የተራበ፣ የሚሰርቅ፣ የጎረቤቱን ድርሻ በዐይኑ የሚለካ ሰው ያያል። ይህ አስቆጣው፣ ምክንያቱም እሷ ናት እንዲህ ማንበብን ያስተማረችው።

የተመለሰች ቀን አውቶቡስ ጣቢያ ሊቀበላት መኪና ተውሶ ሄደ። ከስታ ነበር፤ ፊቷ ላይ አዲስ ፀሐይ አለ። ሻንጣዋን ጫነ። የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ፣ ወደ ፊት እያየች፣ «ብራናው ይሸታል፣ ታውቃለህ?» አለች። «ፎቶው ላይ ይሄ አይታይም። እርጥብ ቆዳ ይሸታል። ስለ ምግቡ የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ዳሩ ጠቁሯል። ሰው ብዙ ጊዜ ጣቱን ያሳረፈበት ነው። አንባቢው ሁሉ እዚያ ላይ ቆሟል ማለት ነው።»

ደረቱ ውስጥ ያ የታወቀው እሳት ተነሣ። እሷ ነካችው፣ እሱ አልነካውም። እሷ አሸተተችው። መቼም አይነካውም ይሆናል። አረንጓዴው መብራት በራ። ወደ ቤታቸው የሚወስደው መታጠፊያ በስተቀኝ ነበር፤ አልፎት ቀጥ ብሎ ነዳ፤ በወንዙ በኩል ዞሮ የሚመጣውን ረጅሙን መንገድ ያዘ።

«ጠፋህ እንዴ?» አለችው።

«አልጠፋሁም። ቀጥይ። ከዚያስ?»

አየችው። ከዚያ ቀጠለች።

እሷ በዚያው ዓመት በከፍተኛ ማዕረግ ጨረሰች። እሱ ርዕሱን ቀይሮ እንደገና ስለጀመረ አንድ ዓመት ዘገየ፤ ውጤቱ መካከለኛ ነበር፤ ጽሑፉን ሲከላከል እሷ ከኋላ ተቀምጣ ነበር፣ ምንም አልጠየቀችም፣ እሱም ለምን እንዳልጠየቀች ሲያስብ ከረመ። ዛሬ ጠዋት ፋርማሲዋን ትከፍታለች፣ ማታ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የእጅ ጽሑፍ ንባብ ታስተምራለች። የምትጽፈውን ከማንም በፊት የሚያነበው እሱ ነው፤ አንዳንዴ ገጹን እስኪጨርስ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ውሃ ይጠጣል።

በቅርቡ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንዱ ወጣት መምህር፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ «ጋሽ በዚያ ዘመን፣ ባለቤትዎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ አሉ። እርስዎ ሳይሆኑ እሳቸው መሆናቸው አያስቀናዎትም?» አለው።

«እቀናለሁ እንጂ» አለ። ጠመኔውን ከሳጥኑ አንሥቶ ወደ ክፍሉ ሄደ።